ከእስር መፈታትና ነፃ መባል ለየቅል ናቸው፦ የአሜሪካ ፖለቲካዊ ክሶች እና የኮሚቴዎቻችን መዝገብ



ሰሞኑን አስኮ ውስጥ ከዐስር ሰላት በኋላ ሻይ ቤት የሚቀመጡ ወንድሞቻችንን ወሬ የያዘው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ነው። በስልክ ዜናው ይከፈታል፤ አንዱ ፕሬዚዳንት ተከሰው ነበር፣ አሁን ደግሞ የከሰሷቸው ሰዎች በተራቸው ተከሰዋል ይባላል። ከዚያ አንዱ ሳቅ እያለ «አሜሪካም እንደኛ ሆነች እንዴ?» ይላል። ሌላው ወደ አወሊያ አቅጣጫ በእጁ እያመለከተ «እኛማ ቀድመናቸዋል» ብሎ ይመልሳል።

ቀልዱ የሚያስቅ ቢሆንም ውስጡ ቁም ነገር አለ። ወደ አስኮ በሚወስደው መስመር የሚገኘው የአወሊያ ግቢ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ገደማ የአገራችንን ሙስሊሞች ሁሉ የሚመለከት ጥያቄ የተነሣበት፣ ከዚያም በዘመናችን ከታዩት ትላልቅ የፖለቲካ ክሶች አንዱ የተፀነሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ወሬ ለእኛ የሩቅ አገር ዜና ብቻ አይደለም። የዚያ አገር የሕግ ባለሙያዎች ዛሬ የሚከራከሩባቸው ነጥቦች የራሳችንን መዝገብ እንደገና እንድናገላብጥ ይረዱናል። በዚህ ጽሑፍ የምናደርገውም ይህንኑ ነው።

የአሜሪካው ክርክር ምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በሜይ 30 ቀን 2024 የኒውዮርክ የዳኝነት ሸንጎ ዶናልድ ትራምፕን በ34 የክስ ነጥቦች ጥፋተኛ ብሎ ነበር። ጉዳዩ ከንግድ ሰነዶች ማጭበርበር ጋር የተያያዘ ነው። ደጋፊዎቻቸው ክሱ ከምርጫ ለማስወጣት የተቀነባበረ ነው አሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ማንም ከሕግ በላይ አይደለም አሉ። ትራምፕ ምርጫውን ካሸነፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ዳኛው እስርም ሆነ መቀጮ ሳይጨምሩ ጥፋተኝነቱ ብቻ በመዝገብ እንዲቀር ወሰኑ።

ከዚያ ተራው ተገለበጠ። በሴፕቴምበር 2025 ፕሬዚዳንቱ ተቀናቃኞቻቸው እንዲከሰሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓን በአደባባይ ወተወቱ። በዚያው ወር የቀድሞው የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ ለምክር ቤት ሐሰት ተናግረዋል ተብለው ተከሰሱ። በኦክቶበር ደግሞ ትራምፕን በፍትሐ ብሔር ከስሰው ያስፈረዱባቸው የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሌቲሺያ ጄምስ ከቤት ብድር ጋር በተያያዘ ክስ ተመሠረተባቸው። ሁለቱንም ክሶች ያቀረቡት ከዚያ በፊት በዐቃቤ ሕግነት ሠርተው የማያውቁ፣ የፕሬዚዳንቱ የግል ጠበቃ የነበሩ ሴት ናቸው። ኖቬምበር 24 ቀን 2025 አንዲት የፌዴራል ዳኛ የዐቃቤ ሕጓ ሹመት ሕግን ያልተከተለ ነው በማለት ሁለቱንም ክሶች ዘጉ። መንግሥት ሌቲሺያ ጄምስን እንደገና ለመክሰስ ሲሞክር፣ ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት ብሎ የሚወስነው ግራንድ ጁሪ የሚባለው የተራ ዜጎች ጉባኤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ።

ለሙስሊሙ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን የመሐሙድ ኸሊል ጉዳይ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ይህ ፍልስጤማዊ ወጣት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እያለው፣ ስለ ጋዛ በተደረጉት የተማሪዎች ተቃውሞዎች በነበረው ሚና ሳቢያ እ.ኤ.አ. በማርች 8 ቀን 2025 ታሠረ። የተጠረጠረበት ወንጀል አልነበረም፤ ይባረር የተባለው መገኘቱ የአገሪቱን የውጭ ፖሊሲ ይጎዳል በሚል ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደችው እሱ ሉዊዚያና ውስጥ ታስሮ ሳለ ነው። ከመቶ ቀናት በላይ ቆይቶ በጁን 20 በፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ ወጣ፤ የሕግ ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቱርካዊቷ የዶክትሬት ተማሪ ሩሜይሳ ኦዝቱርክም በዩኒቨርሲቲ ጋዜጣ ላይ ከሌሎች ጋር ጽሑፍ ስለጻፈች በመንገድ ላይ ተይዛ ከስድስት ሳምንት በላይ ታስራለች።

የፖለቲካ ክስ በምን ይታወቃል?

የሕግ ባለሙያዎቹ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በየፊናቸው ቢከራከሩም፣ ክርክራቸው የሚሽከረከረው በጥቂት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። ጥያቄዎቹን በራሳችን አባባል እናስቀምጣቸው።

አንደኛ፣ ምርመራው የተጀመረው ከድርጊት ተነሥቶ ነው ወይስ ከሰው? ጤናማ ክስ «ይህ ወንጀል ተፈጽሟል፤ ማን ፈጸመው?» ብሎ ይጀምራል። የፖለቲካ ክስ ግን «ይህ ሰው አስቸግሮናል፤ በምን እንያዘው?» ይላል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ምን ያህል ሰፊ ነው? አንድ ሕግ ሰላማዊውንም ዓመፀኛውንም በአንድ መረብ የሚይዝ ከሆነ፣ ማንን እንደሚይዝ የሚወስነው ሕጉ ሳይሆን መረቡን የሚጥለው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ማስረጃው በግልጽ ተፈትኗል ወይ? ተከሳሹ የመሰከረበትን ሰው ማየት፣ መጠየቅ፣ ምንጩን ማወቅ ይችላል?

አራተኛ፣ ከፍርድ ቤቱ በፊት የፈረደ አለ ወይ? ባለሥልጣን በመግለጫ፣ ቴሌቪዥን በፊልም ተከሳሹን ወንጀለኛ ካሉት፣ ዳኛው የሚፈርደው በምን ነፃነት ነው?

አምስተኛ፣ ዳኛው መንግሥትን «አይሆንም» ቢል ምን ይከተላል? ውሳኔው ይከበራል ወይስ ሌላ መንገድ ይፈለጋል?

እንግዲህ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ራሳችን መዝገብ እንምጣ።

ከአወሊያ እስከ ልደታ

ታሪኩን ብዙዎቻችን ኖረነዋል። ነገር ግን ያኔ ሕፃናት የነበሩ ዛሬ ወጣቶች ሆነዋልና ባጭሩ ማስታወስ ይገባል።

በ2003 ክረምት የአሕባሽ አስተምህሮ በሥልጠና መልክ በመጅሊሱና በመንግሥት አካላት ትብብር በየአካባቢው መሰጠት ጀመረ። በ2004 ታኅሣሥ መጨረሻ የአወሊያ መምህራን በመጅሊሱ ውሳኔ ሲሰናበቱ የአወሊያ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። ተቃውሞው ከግቢው ወጥቶ በየጁምዓው የሕዝብ ጥያቄ ሆነ። ሕዝቡም 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መርጦ ከመንግሥት ጋር እንዲነጋገርለት ወከለ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ የመጅሊስ አመራር በሕዝበ ሙስሊሙ በየመስጂዱ ይመረጥ፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ መጫኑ ይቁም፤ አወሊያ በነፃ ቦርድ ይተዳደር። ሦስቱም ጥያቄዎች ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ መሆናቸውን ከሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 እና የሃይማኖት ነፃነትን ከሚያረጋግጠው አንቀጽ 27 የማይወጡ ነበሩ።

ሐምሌ 6 ቀን 2004 ፖሊስ ወደ አወሊያ ገባ። በረመዷን መግቢያ ሰሞን የኮሚቴው አባላት፣ ዱዓቶችና ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ወደ ማዕከላዊም ተወሰዱ። ጥቅምት 19 ቀን 2005 በ29 ሰዎችና በሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ክስ ተመሠረተ።

የአምስቱ ጥያቄዎች መልስ ከዚህ ይጀምራል።

ምርመራው ከድርጊት ተነሣ ወይስ ከሰው? የኮሚቴው አባላት እስከ ታሰሩበት ጊዜ ድረስ በስማቸው የሚታወቁ፣ ከፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ጋር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ የሕዝብ ተወካዮች ነበሩ። መንግሥት ወኪል ብሎ ሲያነጋግራቸው የነበሩትን ሰዎች ነው በወራት ውስጥ በሽብር የከሰሰው። በመካከሉ የተለወጠው የድርድሩ ውጤት እንጂ የሰዎቹ ማንነት አልነበረም።

ሕጉ ምን ያህል ሰፊ ነበር? የአዋጁ አንቀጽ 3 የሽብር ድርጊት ለሚለው ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። አንቀጽ 4 ደግሞ ማቀድን፣ መዘጋጀትን፣ ማሴርንና ማነሣሣትን በተመሳሳይ ቅጣት ይይዛል። ቦምብ ባልፈነዳበት፣ ጦር መሣሪያ ባልተተኮሰበት ስብሰባና ስብከት እንደ ሽብር ዝግጅት ሊታይ የቻለው በዚህ ስፋት ነው። በአንቀጽ 20 ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠረትበት እስከ አራት ወር ሊታሠር ይችል ነበር።

ማስረጃው በግልጽ ተፈትኗል ወይ? የአዋጁ አንቀጽ 23 የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩ ባይገለጽም በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቅዶ ነበር፤ የስሚ ስሚ ማስረጃም ተቀባይነት ነበረው። በዚህ ላይ ከጥር 2005 ጀምሮ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ሲሰሙ ችሎቱ ለሕዝብ፣ ለጋዜጠኛና ለቤተሰብ ተዘጋ። በየቀጠሮው ልደታ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው የዋሉ እናቶችን እናስታውሳለን። ልጆቻቸው በምን እየተመሰከረባቸው እንደሆነ ሳይሰሙ ተመልሰዋል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 20 ግልጽ ችሎትን መርሕ አድርጎ ያስቀምጣል።

ከፍርድ ቤቱ በፊት የፈረደ ነበር ወይ? ጥር 28 ቀን 2005 ማታ የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም አሠራጨ። ተከሳሾቹ በምርመራ ላይ ሳሉ የተቀረጹ ምስሎች በሽብር ቡድኖች ምስል መካከል እየተሰኩ ለሕዝብ ቀረቡ። ፊልሙ እንዳይተላለፍ ጠበቆች የፍርድ ቤት እግድ አውጥተው ነበር፤ ከመተላለፍ ግን አልዳነም። ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት በአንድ ምሽት ተሻረ። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ ተከሳሾቹን ያወቃቸው ከዚያ ፊልም እንጂ ከችሎቱ አልነበረም።

ዳኛው «አይሆንም» ቢል ምን ይከተላል? እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። ታኅሣሥ 3 ቀን 2006 ፍርድ ቤቱ ከተከሳሾቹ የተወሰኑትን መከላከል ሳያስፈልጋቸው ነፃ ብሏቸዋል። ያም ሆኖ የቀሩት ተከሳሾች ጥፋተኛ የተባሉት ሰኔ 29 ቀን 2007 ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ደግሞ ቅጣቱ ተነገረ። ኡስታዝ አቡበከር አህመድ፣ ኡስታዝ አህመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩ እና ኡስታዝ ካሚል ሸምሱ እያንዳንዳቸው 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ሌሎቹም ከዚያ ያነሱ ግን ረጃጅም የእስር ዓመታት ተቀበሉ፤ ጋዜጠኛ ዩሱፍ ጌታቸው ሰባት ዓመት።

ኋላ ሁሉም ወጡ። ገሚሶቹ በ2008 በተለያዩ ጊዜያት፣ ኡስታዝ አቡበከር በ2008 መጨረሻ፣ ኡስታዝ አህመዲን ደግሞ በየካቲት 2010። በየሰፈሩ ደስታ ሆነ፤ አልሐምዱሊላህ አልን። በደስታው መካከል ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አለፈ።

የወጡት በምን ነው?

የወጡት በይቅርታ ነው። ይቅርታ ደግሞ ነፃ መባል አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ይመልከት። አንቀጽ 229 ስለ ይቅርታ ሲደነግግ፣ ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል፤ ፍርዱ ግን በጥፋተኛው መዝገብ ላይ ይቆያል ይላል። አንቀጽ 230 የሚደነግገው ምሕረት ከዚህ ይሰፋል፤ ፍርዱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፣ ከመዝገብም ይሰረዛል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚልቀው ግን ፍርድ ቤት ራሱ «ሲጀመር ጥፋት አልነበረም» ማለቱ ነው። በይቅርታ የወጣ ሰው በሕግ ዓይን ጥፋቱ የታለፈለት ጥፋተኛ ነው። በምሕረት የወጣ ጥፋቱ የተረሳለት ነው። ንጹሕ የሚባለው በፍርድ ነፃ የወጣው ብቻ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን ሊያመጣ እንደሚችል አገራችን አይታለች። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ከ1997 ምርጫ በኋላ ከቅንጅት አመራሮች ጋር ተፈርዶባቸው በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። ስለ ይቅርታው አሰጣጥ ውጭ አገር በተናገሩት ሳቢያ በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተሻረ ተባለና የዕድሜ ልክ እስራቱ ተመልሶ ተጫነባቸው። እስከ መስከረም 2003 ድረስም ታሠሩ። ይቅርታ የሰጠ አካል ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። አስገራሚው ነገር እኚሁ ሴት ኋላ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው መሾማቸው ነው። የአገራችን ፖለቲካ ሲለወጥ ሰውን ከወኅኒ ወደ ወንበር ያመጣል፤ መዝገቡን ግን የሚያየው የለም።

በ2010 ክረምት የወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 እስከ ግንቦት 30 ቀን 2010 በተፈጸሙ፣ ሽብርን ጨምሮ በተለያዩ ወንጀሎች ለተጠረጠሩ፣ ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው በር ከፍቶ ነበር። ጥሩ እርምጃ ነበር። ይሁንና በአዋጁ ለመጠቀም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቀርቦ የምስክር ወረቀት መውሰድን ይጠይቅ ነበር። ከሁሉም በላይ ምሕረት ጥፋትን ይረሳል እንጂ ጥፋት አልነበረም አይልም። ሰላማዊ ጥያቄ ያቀረበ ሰው ለምን ምሕረት ተጠቃሚ ይሆናል? ምሕረት ሊጠይቅ የሚገባው ሌላው ወገን ሊሆን ይችላልና።

መሐመድ ዓሊ ለምን ይቅርታ አላስፈለገውም?

አሁን ወደ አሜሪካ እንመለስ። በጁን 2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለቦክሰኛው መሐመድ ዓሊ ይቅርታ ለመስጠት እያሰብኩ ነው ብለው ነበር። የዓሊ ቤተሰብ ጠበቃ አመስግነው፣ ይቅርታው ግን አያስፈልግም አሉ። ለምን? ዓሊ በ1967 ወደ ቬትናም ጦርነት አልሄድም ሲል አምስት ዓመት ተፈርዶበት፣ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ተነጥቆ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ከቦክስ ርቆ ነበር። ነገር ግን በጁን 28 ቀን 1971 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በ8 ለ0 ድምፅ ሻረው። ይቅር የሚባል ጥፋት አልቀረም። ዓሊ ወደ አኺራ የሄደው በመዝገብ ላይም ንጹሕ ሆኖ ነው።

ሌላም አለ። በ1965 ማልኮም ኤክስ ሲገደል ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ሙሐመድ ዐዚዝ እና ኸሊል ኢስላም «እኛ አልገደልንም» እያሉ ሃያ ዓመት ያህል ታስረው በ1980ዎቹ በአመክሮ ወጡ። ወጡ እንጂ ነፃ አልተባሉም። ኸሊል ኢስላም በ2009 ነፍሰ ገዳይ ተብሎ እንደተመዘገበ ሞተ። በኖቬምበር 18 ቀን 2021 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት የሁለቱንም ፍርድ ሻረ። ኤፍ ቢ አይና የከተማው ፖሊስ እነሱን ነፃ ሊያወጣ ይችል የነበረ ማስረጃ ይዘው ለተከላካይ ሳያቀርቡ መቅረታቸው ተረጋገጠ። ሙሐመድ ዐዚዝ ያኔ 83 ዓመቱ ነበር። በ2022 ከተማውና ክፍለ ግዛቱ ለእሱና ለሟቹ ወራሾች በድምሩ 36 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማሙ።

የጠፋውን ዕድሜ ገንዘብ አይመልሰውም። ቢሆንም ልብ እንበል፦ ከ55 ዓመት በኋላ እንኳ መዝገቡ ሊከፈት የቻለው ከእስር መውጣት በቂ አይደለም ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጠበቆች ሰነድ ሰበሰቡ፣ ተመራማሪዎች የድሮ ፋይል አገላበጡ፣ ቤተሰብ አልተወም።

አሜሪካን ማንቆለጳጰስ አይደለም

ይህን ስንል የአሜሪካ ፍርድ ቤት የፍትሕ መስፈሪያ ነው እያልን አይደለም። ሆሊ ላንድ ፋውንዴሽን የተባለው በአሜሪካ ትልቁ የሙስሊሞች የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ በ2001 ተዘጋ። የ2007ቱ የመጀመሪያ ችሎት ያለ ውሳኔ ከተበተነ በኋላ በ2008 በተደረገው ሁለተኛ ችሎት መሪዎቹ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 65 ዓመት ተፈረደባቸው። በዚያ ችሎት የእስራኤል የደኅንነት ባለሙያ እውነተኛ ስሙ ለተከሳሾች ሳይነገር በምስክርነት ቀርቧል። የእኛ አዋጅ አንቀጽ 23 ዘመድ እዚያም አለ ማለት ነው። ሽብር የሚለው ቃል ሲነሣ የትም አገር የዳኛው ሚዛን እንደሚንቀጠቀጥ ይህ ያሳያል።

እንዲሁም የይቅርታ ሥልጣን እዚያም ለፖለቲካ ይውላል። ፕሬዚዳንት ባይደን በዲሴምበር 2024 ለገዛ ልጃቸው ይቅርታ ሰጡ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ምክር ቤቱን በ2021 ለወረሩት 1500 ለሚሆኑ ደጋፊዎቻቸው ይቅርታ አደረጉ። ይቅርታ የወዳጅ ስጦታ ሲሆን ትርጉሙን ያጣል።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የኮሚ ክስ ሲዘጋ ዳኛዋ ሥራቸው ላይ ናቸው። ኦዝቱርክ ትለቀቅ ያለው ዳኛ ማግስቱን አልተነሣም። በእኛ አገር ከሽብር ክስ ሙሉ በሙሉ ነፃ ተብሎ መውጣት ብርቅ ነበር፤ በጥቅምት 2008 የዞን 9 ጦማርያን ነፃ ሲባሉ ሁላችንም የተደነቅነው ለዚህ ነው። ፍትሕ ሊያስደንቅ የሚገባ ነገር አልነበረም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ከ2010 ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ማዕከላዊ ተዘግቷል። አዋጅ 652/2001 በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል፤ አዲሱ አዋጅ ሰላማዊ መብትን መጠቀም ሽብር እንዳልሆነ ለመለየት ሞክሯል። መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት አግኝቷል። ሕዝቡ በአወሊያ የጠየቀው አብዛኛው ነገር ቢያንስ በወረቀት ተመልሷል። በሽብር የተፈረደባቸው ሰዎች ያነሡት ጥያቄ የአገር ሕግ ሆኗል። ጥያቄው ትክክል ከነበረ ጥያቄውን ማቅረብ እንዴት ሽብር ሆኖ በመዝገብ ይቀራል?

ይህ የሞራል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ጊዜ ቢመጣ ያ መዝገብ እንደ ማስረጃ ሊጠቀስ ይችላል። ታሪክ ጸሐፊ የፍርድ ቤት ውሳኔን ሲያገኝ «ጥፋተኛ» የሚል ቃል ያነባል። ልጆቻቸው የአባታቸውን ስም ሲፈልጉ ከሽብር ጋር ተያይዞ ያገኙታል። ለዚህም ነው ሦስት ነገሮችን የምንለው።

አንደኛ፣ መዝገቡ ይሰብሰብ። የክስ ማመልከቻው፣ የመከላከያ መልሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ ብይኑ፣ ፍርዱ፣ የይቅርታ ደብዳቤው በየጠበቃውና በየቤቱ ተበታትኖ እንዳይጠፋ መጅሊሱና የሙስሊም የሕግ ባለሙያዎች በአንድ ቦታ ያሰባስቡት። የማልኮም ኤክስን መዝገብ ያስከፈተው ወረቀት ነው። በየጁምዓው የነበርን ሰዎችም ያየነውን በስምና በቀን እንጻፍ። በቃል የቀረ ታሪክ ከባለታሪኩ ጋር ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ፖሊሲው እውነትን ማፈላለግንና ካሣን ይዟል። የ2004ቱና የዚያ ዘመን የሙስሊም ክሶች ሁሉ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የተፈረደባቸውና ስማቸው ያልገነነ ወንድሞችና እኅቶች ጉዳይ ጭምር፣ በዚህ ሂደት እንዲታይ በተደራጀ መልክ እንጠይቅ። የምንጠይቀው ለበቀል አይደለም። የምንፈልገው የመንግሥት አካል «ተሳስተን ነበር» ብሎ መዝገቡን እንዲያቀና ነው። የፍርድ ስሕተት ከዓመታት በኋላም ቢሆን ተመልሶ የሚታይበት ግልጽ የሕግ በር እንዲኖርም እንጠይቅ፤ ይህ በር ለሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን በግፍ ለተፈረደበት ዜጋ ሁሉ ይጠቅማል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ሚዛኑን በራሳችን ላይም እናውለው። ዛሬ የማንወደው ፖለቲከኛ፣ ሐሳቡ የማይስማማን ጋዜጠኛ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ሲታሠር አምስቱን ጥያቄዎች እንጠይቃለን ወይስ «የእጁን አገኘ» እንላለን? በአሜሪካ የታየው ይህ ነው፤ የራሱ ወገን ሲከሰስ ፖለቲካ ነው ያለው ሰው፣ ተቃዋሚው ሲከሰስ ሕግ ነው ይላል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አንቀጽ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አዞናል። በሌላ በኩል ሙስሊም የተከሰሰበት ጉዳይ ሁሉ የፖለቲካ ክስ ነው ማለትም ከፍትሕ ያወጣል። የሰረቀ ሰርቋል፤ ሙስሊም ስለሆነ አንከልለውም። በጭፍን የምንጮህ ከሆነ እውነተኛው ግፍ ሲመጣ ድምፃችንን የሚሰማ አይኖርም።

አስኮ ሻይ ቤት ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው። አሜሪካ እንደኛ ሆነች ወይ ለሚለው፣ ሥልጣን የያዘ ሰው ፍርድ ቤትን መሣሪያ ሊያደርግ መመኘቱ የትም አንድ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ዳኛው፣ ጠበቃውና ሕዝቡ እምቢ ማለታቸው፣ እንዲሁም ስሕተቱ ሲታወቅ ተመልሶ መስተካከሉ ነው። የእኛ ወንድሞች ከወኅኒ ወጥተዋል። ከመዝገቡ ግን ገና አልወጡም። ያን እስክናይ ጉዳዩ ተዘግቷል አንበል።

አላህ በግፍ ለታሠሩት ሁሉ ፈረጃ ያምጣ፤ በእስር ላይ ሳሉ ያለፉትን በጀነት ያኑርልን፤ ለአገራችን ፍትሕና ሰላም ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።